መልስ፦ ከእሜት ጎጎ በዊንግሱት መዝለል እና ፖርሽ ጎንደር ላይ

ወንድሜ፣ በዊንግሱት (እንደ ክንፍ በሚያገለግል የመዝለያ ልብስ) መብረርና ጎንደር ላይ ፖርሽ መንዳት እፈልጋለሁ ያልክበትን ጥያቄህን ሳይ በጣም ነው ደስ ያለኝ፣ እኔም አዘዞ ነው ያደግኩት አውሮፕላን ሲያርፍ እያየሁ። ግን በቀጥታ ስሜን ተራሮች ሄጄ ከእሜት ጎጎ ገደል ልዝለል ወይ ላልከው፣ በፍፁም! ከገደል ሲዘለል ብዙ ጊዜ አንድ ፓራሹት ብቻ ነው የሚያዘው፣ መጠባበቂያ የለም፣ ከአውሮፕላን ግን 4000 ሜትር አካባቢ ወጥተህ ስለምትዘል የሆነ ነገር ቢበላሽ እንኳን የማስተካከያ ጊዜ አለህ። መጀመሪያ ኖርማል ስካይዳይቭ (ከአውሮፕላን በፓራሹት መዝለል) ተማር፣ የአሜሪካ ፓራሹት ማህበር ራሱ 200 ዝላይ ሳይሞላህ ዊንግሱት እንዳትለብስ ነው የሚለው፣ እኔም በዚህ በጣም እስማማለሁ።

ከዛ በኋላ ያለው ደስታ ግን ሌላ ነው! በክንድህና በጎንህ መሃል፣ እንዲሁም በእግሮችህ መሃል ያለው ጨርቅ አየር ገብቶበት ይነፋና ክንፍ ይሆናል፣ አንድ ሜትር ስትወርድ ሁለት ሁለት ተኩል ሜትር ወደፊት ትሄዳለህ፣ ትከሻህን ትንሽ ስታዘነብል ትታጠፋለህ፣ ተራ ዝላይ ላይ ፓራሹት ሳይከፈት የምትቆየው አንድ ደቂቃ ገደማ እዚህ ሁለት ደቂቃና ከዛም በላይ ይሆናል። አንድ ነገር ልብ በል፣ እንደ ጎንደር ከ2000 ሜትር በላይ በሆነ ቦታ አየሩ ስስ ስለሆነ ፓራሹቱ ፈጥኖ ነው የሚያሳርፍህ፣ ስለዚህ ሰፋ ያለ ፓራሹት ያዝ።

መኪናውን በተመለከተ እኔም የፖርሽ 911 ፍቅር አለብኝ፣ ድምፁ ብቻ ይበቃኛል፣ ግን ከ2024 ጀምሮ የቤንዚን አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ የፖርሽን የኤሌክትሪክ መኪና ታይካንን ብታስብ ይሻላል። ብሩ ለሁለቱም ካልበቃ ግን ዝላዩን አስቀድም፣ ቅርብ የማውቀው የስካይዳይቭ ማሰልጠኛ ኬንያ ዲያኒ ነው።