ዓላማው የተቀየረ መስሪያ ቤት ውስጥ ለገባችሁ ወጣቶች

ሰላም ልጆች፣ እንዴት ናችሁ። ስራ ከጀመራችሁ አንድ ሁለት አመት የሆናችሁ ልጆች ደጋግማችሁ የምታነሱት ነገር አለ፣ "ኢንተርቪው ላይ የነገሩኝና አሁን የምሰራው ስራ አይገናኝም፣ ግድግዳ ላይ የሰቀሉትን ዓላማ ደሞ ማንም ዞር ብሎ አያየውም፣ ታዲያ እነዚህ ሰዎች ዋሽተውኝ ነው?" ትላላችሁ። ከትንሽ ማህበር እስከ ትልቅ ድርጅት ብዙ አመት ሰርቼ እንዳየሁት አብዛኛውን ጊዜ ማንም አልዋሸም። የነገሯችሁ ድርጅቱ ሲቋቋም የተጻፈውን ነው፣ ዛሬ ድርጅቱ የሚኖርበት ግን ሌላ ነገር ሆኗል፣ መቼ ተቀየረ ብላችሁ ብትጠይቋቸው እነሱም ቀኑን አያውቁትም። የድርጅት ዓላማ ይቀየራል፣ ይተካል፣ ይደራረባል፣ አንዳንዴም ስሙ ብቻ ይቀራል። ስትቀጠሩ ይሄን ማንም ቁጭ አድርጎ ስለማያስረዳችሁ እኔ የማውቀውን ልንገራችሁ።

በቅድሚያ ግን ዓላማ መቀየር በራሱ ክህደት እንዳይመስላችሁ። እኔ ሁሌ የሚገርመኝ የአንድ ድርጅት ታሪክ አለ (ዓመቶቹን በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው)። በ1938 ፕሬዝዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት፣ ራሱም የፖሊዮ ታማሚ የነበረ ሰው፣ አሜሪካ ውስጥ ፖሊዮን የሚዋጋ ፋውንዴሽን አቋቋመ። ዳይም የምትባለውን የአስር ሳንቲም ፍራንክ እየላከ ተራው ህዝብ ነው የደገፈው፣ ድርጅቱ በኋላ የታወቀበት ማርች ኦፍ ዳይምስ የሚለው ስምም ከዚያ የመጣ ነው። እናቶች ቤት ለቤት እየዞሩ ሰበሰቡ፣ በዛ ገንዘብ ህሙማን ታከሙ፣ የዮናስ ሳልክ ምርምር ተደገፈ፣ በ1954 ወደ 1.8 ሚሊዮን ህጻናት የተሳተፉበት የክትባት ሙከራ ተካሄደ፣ ኤፕሪል 12 ቀን 1955 ክትባቱ ይሰራል ተብሎ ታወጀ። እስቲ አስቡት፣ ስንት የለፉለት ነገር ተሳካ! ታዲያ በማግስቱ ቢሮ ገብተው ምን ይሰራሉ? በየቦታው ቅርንጫፍ አላቸው፣ የሰለጠነ በጎ ፈቃደኛ አላቸው፣ ገንዘብ ማሰባሰቡንም ተመራማሪ መደገፉንም ተክነውበታል፣ የሚዋጉት በሽታ ግን መከላከያው ተገኘ። አማራጭ ሲያጠኑ ቆይተው በ1958 ከዚህ በኋላ ከውልደት ጋር የሚመጡ የጤና ጉድለቶች ላይ እንሰራለን ብለው በአደባባይ ተናገሩ (አርትራይተስንም አብረው ይዘው ነበር፣ እሱን በኋላ ተዉት)፣ በ2003 ደሞ ያለጊዜያቸው የሚወለዱ ህጻናት ላይ ትልቅ ዘመቻ ጀመሩ፣ እስካሁንም አሉ። ዴቪድ ሲልስ የሚባል ሶሺዮሎጂስት በጎ ፈቃደኞቹን አጥንቶ በ1957 እንደጻፈው ለብዙዎቹ ድርጅቱ ከፖሊዮ በላይ የሆነ ነገር ነበር፣ አብሮ መስራቱ ራሱ ትርጉም ነበረው፣ ለዛም ነው ዓላማው ሲቀየር ጥለው ያልተበተኑት።

እኔ ከዚህ ታሪክ ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ለውጡ ቀን ያለው መሆኑን ነው። ተወስኗል፣ ተነግሯል፣ ገንዘብ የሚሰጠው ሰው አውቆት "እንግዲያውስ እኔ በቃኝ" ማለት ይችል ነበር። እንዲህ ያለውን ለውጥ በሉት ዓላማ መተካት፣ እኔ ጤናማ ነው የምለው እሱን ነው።

ሌሎችም አሉ። የአለም ባንክ በ1944 ሲቋቋም ዋናው ሃሳብ በጦርነት የፈራረሰችውን አውሮፓ መልሶ መገንባት ነበር፣ የመጀመሪያ ብድሩንም በ1947 ለፈረንሳይ ነው የሰጠው፣ 250 ሚሊዮን ዶላር፣ ወዲያው ግን በ1948 አሜሪካ አውሮፓን መልሶ ለመገንባት ያወጣችው የማርሻል ፕላን የሚባለው የእርዳታ ፕሮግራም መጣና ስራውን ከእጁ ወሰደበት፣ ባንኩም ፊቱን ወደ ታዳጊ አገሮች አዞረ። ወወክማን (የወጣት ወንዶች ክርስቲያናዊ ማህበርን) ደሞ ታውቁታላችሁ፣ በ1844 ለንደን ውስጥ ጆርጅ ዊልያምስና ጓደኞቹ ሲመሰርቱት ወጣት ሰራተኞች ተሰብስበው መጽሃፍ ቅዱስ የሚያጠኑበትና የሚጸልዩበት ነበር፣ ቅርጫት ኳስ ግን በ1891 አሜሪካ በሚገኝ የወወክማ የስልጠና ትምህርት ቤት ውስጥ ተፈጠረ፣ ዛሬ ብዙ ቦታ ወወክማ ሲባል ለሰው ትዝ የሚለው ስፖርቱ ነው። አንዱ ስራውን ተቀምቶ ተቀየረ፣ ሌላው የሚመጣለት ሰው የሚፈልገውን እየጨመረ ሲሄድ ተቀየረ። መንገዱ ብዙ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልግባ፣ ማንም ሳይወስን የሚመጣው ለውጥ። ሮበርት ሜርተን የሚባል ሶሺዮሎጂስት በ1940 ስለ ቢሮክራሲ ሲጽፍ በደንብ አስቀምጦታል፣ ደንቡ የሚወጣው ለዓላማው መሳሪያ እንዲሆን ነው፣ ሰራተኛው ግን የሚመዘነውም የሚቀጣውም በደንቡ ስለሆነ ቀስ በቀስ ደንቡን መጠበቅ ራሱ ዓላማ ይሆናል። ይሄ ክፉ ሰው አይፈልግም፣ እዚህ ላይ ነው ብዙ ወጣት የሚሳሳተው፣ ክፉ ሰው ይፈልጋል፣ ያጣዋል፣ ከዛ ግራ ይገባዋል።

ቅርብ ሆኜ ያየሁትን ልንገራችሁ። ስራ ፈላጊ ወጣቶችን የሚያሰለጥን አንድ ድርጅት ነበር። ዓላማው ልጆቹ ስራ እንዲያገኙ ነው፣ ፕሮፖዛሉም የሚለው ይሄንኑ ነው። ገንዘብ ሰጪዎቹ ግን በየሩብ አመቱ ቁጥር ይፈልጋሉ፣ ስራ ማግኘት ደሞ በሶስት ወር አይታይም፣ ስለዚህ ሪፖርት ፎርሙ ላይ "የሰለጠኑ ብዛት" የሚል ኮለምን ገባ፣ በጾታና በእድሜ ተከፋፍሎ። ያኔ ማንም አልተቃወመም፣ ምን ክፋት አለው? መጀመሪያ አካባቢ አሰልጣኞቹ ትምህርቱ ካለቀ በኋላ እዛው ቀርተው ከልጆቹ ጋር ሲቪ ያያሉ፣ ደውለው ቀጣሪ ያፈላልጋሉ፣ ከስድስት ወር በኋላ ደውለው ምን ደረስክ ይላሉ። አመት አመትን ሲወልድ ግን የመጨረሻዋ ግማሽ ሰአት ለአቴንዳንስ ሆነች፣ ፊርማ ያልፈረመ፣ ስልክ ቁጥር ያልሞላ፣ መታወቂያ ያላመጣ እየተባለ። ያው አንድ ልጅ ሶስት ስልጠና ከወሰደ ሶስት ሰው ሆኖ ይቆጠራል፣ ስራ አግኝቶ የቀረው ደሞ ሊስቱ ላይ "አቋርጧል" ተብሎ ይጻፍበታል፣ ልብ በሉ፣ ድርጅቱ የተቋቋመለት ነገር ሲሳካ እንደ ጉድለት ነው የተመዘገበው! ለደውሎ መጠየቂያ የነበረው የስልክ በጀትም ታጠፈ፣ ምክንያቱም የትኛውም ኮለምን ውስጥ አይገባም። በመጨረሻ ስልጠናው በየአመቱ ያድጋል፣ ሪፖርቱ ያምራል፣ ስራው ግን ውሃ ቅዳ ውሃ መልስ ሆነ። እነዛ ሰዎች እኮ ታታሪዎች ነበሩ፣ ማታ አምሽተው ነው የሚሰሩት።

ይሄ የእርዳታ ድርጅት ችግር ብቻ እንዳይመስላችሁ። ዌልስ ፋርጎ የሚባለው ትልቅ የአሜሪካ ባንክ ከደንበኞቹ ጋር ያለንን ግንኙነት እናጠንክር ብሎ ተነሳና ግንኙነቱን በምን እንለካው ሲባል አንድ ደንበኛ በያዘው የአካውንትና የካርድ ብዛት ሆነ፣ ለእያንዳንዱ ደንበኛ ስምንት ፕሮዳክት የሚል ግብ ወጣ፣ በየቅርንጫፉ ያለው ሰራተኛ የቀን ታርጌት ተጫነበት። ሰራተኛው ምን አደረገ፣ ደንበኛው ሳያውቅ አካውንት ከፈተ። በ2016 ጉዳዩ ሲወጣ ባንኩ 185 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፣ ከ5,000 በላይ ሰራተኛ በዚሁ ምክንያት መባረሩ ታወቀ፣ በ2020 ደሞ 3 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ ከመንግስት ጋር ተስማማ። ያ ቁጥር የተፈለገው የደንበኛ እምነት መለኪያ ይሆናል ተብሎ ነበር፣ እምነቱን የበላው ግን ራሱ ቁጥሩ ነው። የተባረሩት ብዙዎቹ ታች ያሉ እንደናንተ ያሉ ሰራተኞች ናቸው፣ ይሄንን የማነሳው ለዛ ነው፣ ታርጌቱን ያወጣው ሌላ፣ መጀመሪያ ዋጋ የሚከፍለው ግን ታች ያለው ነው።

ለምን ይሆናል ካላችሁ ጉዳዩ ወዲህ ነው። አንዱ የነገርኳችሁ ነው፣ የሚቆጠረው የማይቆጠረውን ያሸንፋል። ሌላው ገንዘብ ነው፣ ገንዘብ ሰጪው ዘንድሮ የሚወደው ርእስ ላይ ፕሮፖዛል ትጽፋላችሁ፣ ለከርሞም ሌላ ርእስ፣ አስር አመት ሆኖ ዞር ስትሉ ድርጅቱ ሌላ ድርጅት ነው። ሶስተኛው፣ ከባዱ ይሄ ነው፣ ድርጅት ከተቋቋመ በኋላ የብዙ ሰው እንጀራ ይሆናል። ሮበርት ሚሸልስ የሚባል ሶሺዮሎጂስት በ1911 የጀርመኑን የሶሻል ዴሞክራት ፓርቲ አይቶ ይሄንን ጽፏል፣ ስርአቱን እንለውጣለን ብሎ የተነሳ ፓርቲ ቢሮ፣ ጋዜጣ፣ ደሞዝተኛ፣ ገንዘብ ያዥ ሲኖረው መሪዎቹ ድርጅቱን የሚያሰጋ ነገር ሁሉ መፍራት ይጀምራሉ፣ ድርጅቱን ማቆየት የድርጅቱ ዓላማ ይሆናል። ቤት ኪራይና የልጅ ትምህርት ቤት ያለበት ሰው ስራችን አልቋልና እንዝጋ ብሎ እጁን እንዲያወጣ መጠበቅ ከባድ ነው፣ አልፈርድበትም። ከዛ ደሞ የሰው መለዋወጥ አለ፣ መስራቾቹ ይሄዳሉ፣ አዲሶቹ የሚያውቁት ፎርሙን ነው፣ ፎርሙ ለምን እንደወጣ የሚያውቅ ሰው ጡረታ ወጥቷል።

ታዲያ እናንተ በምን ታውቁታላችሁ? ቻርልስ ፔሮው የሚባል ሌላ ሶሺዮሎጂስት በ1961 ለይቶ እንዳሳየው በወረቀት ያለ ዓላማ አለ፣ በተግባር የሚሰራበት ዓላማ አለ፣ ሁለተኛውን የምታገኙት ሰዎቹ በሚወስኑት ነገር ውስጥ ነው። የሶስት አራት አመት አመታዊ ሪፖርት ጎን ለጎን አስቀምጡና የመጀመሪያውን ገጽ ዝለሉ፣ በጀቱን እዩ፣ ምኑ አድጎ ምኑ ታጠፈ። ባለፈው አመት ፕሮሞሽን ያገኘው ሰው ምን ሰርቶ ነው ያገኘው? ሳምንታዊ ስብሰባ ላይ ረጅሙን ሰአት የሚወስደው ምንድነው፣ ሀላፊው ድምጹ የሚቀየረው ምን ሲነሳ ነው? እነዚህን ካያችሁ እዛ ቤት ያለውን እውነተኛ ዓላማ ራሳችሁ በአንድ አረፍተ ነገር መጻፍ ትችላላችሁ፣ ጻፉት ደሞ፣ ለራሳችሁ፣ ግድግዳ ላይ ካለው ጋር አስተያዩት።

ልዩነት ካገኛችሁ ወዲያው ተነስታችሁ ስብሰባ ላይ ዓላማችንን ክደናል አትበሉ፣ ሰው ሲከሰስ ራሱን ይከላከላል እንጂ አያስብም። ፎርሙን ሲወጣ የሚያውቅ የቆየ ሰራተኛ ፈልጉ፣ የሂሳብ ክፍል ወይም የመዝገብ ቤት ሰው ብዙ ጊዜ ከማኔጀሩ በላይ ያውቃል፣ "ይሄ ኮለምን የገባው ለምንድነው?" በሉት። ከዛ ለአለቃችሁ በጥያቄ አቅርቡት፣ "ስራ አግኝቶ ያቋረጠውን ለብቻው ብንመዘግበውስ?" የምትል ትንሽ ጥያቄ ካንድ ሰአት ንግግር ትበልጣለች። ሰምተው ካስተካከሉ ጥሩ። አይ፣ ዓላማችን አሁን ይሄ ነው ብለው በግልጽ ከነገሯችሁም ደግ ነው፣ ቢያንስ አውቃችሁ ትቆያላችሁ ወይ ትሄዳላችሁ። ሁለቱንም እንቢ ብለው በሃሰት ቁጥር ላይ ፈርሙ ካሏችሁ ግን አትፈርሙ፣ ሌላ ስራ መፈለግ ጀምሩ፣ ይሄን በቀላሉ እንዳልሆነ አውቄ ነው የምላችሁ።

አንድ ነገር ልጨምር። መጨረስ የሚባል ነገርም አለ፣ እኛ የድርጅት ሰዎች የምንረሳው እሱን ነው። የአለም ጤና ድርጅት ፈንጣጣን ለማጥፋት በ1967 የተጠናከረ ዘመቻ ጀመረ፣ በተፈጥሮ መንገድ የያዘው የመጨረሻ ሰው በ1977 ሶማሊያ ውስጥ ተገኘ፣ በ1980 ፈንጣጣ ጠፋ ተብሎ ታወጀ፣ ዘመቻውም አበቃ። ያ የመጨረሻው ታማሚ፣ አሊ ማው ማሊን፣ ድኖ ከአመታት በኋላ ሶማሊያ ውስጥ በፖሊዮ ዘመቻ ላይ እየዞረ ወላጆችን ልጆቻችሁን አስከትቡ ሲል ነበር። ዘመቻው ሲዘጋ ልምዱም ሰዎቹም አልባከኑም፣ ሌላ ቦታ ሄደው ሰሩ።

ስለዚህ አንድ ቀን እናንተም ፕሮጀክት ስትቀርጹ፣ መቅረጻችሁ አይቀርም፣ ፕሮፖዛሉ ላይ ይሄ ይሄ ሲታይ ይሄ ፕሮጀክት ይዘጋል የምትል አንቀጽ አስገቡ፣ በየስንት አመቱ ዓላማው እንደገና እንደሚታይና ማን እንደሚያየው ጻፉ፣ የሚያየው ሰው ደሞ ደሞዙ ከፕሮጀክቱ ያልሆነ ይሁን። ቦርዱ ይሄ ምን ያደርጋል ሊላችሁ ይችላል፣ ብዙ ቦታ ብሎኛል፣ አስረድታችሁ እንዲገባ አድርጉ።