የሳይንስ ቃላት በሀንጋሪኛ፦ ችግሩ ያለው ቅጥያው ላይ ነው

ሰላም እህቴ። «ቃላቱን በእንግሊዝኛ አውቃቸዋለሁ፤ ሀንጋሪኛውን ቅጥያ ብቻ ልጨምርባቸው?» ብለሽ ጠይቀሻል። ቃሉ ራሱ ብዙ አያስቸግርሽም፣ ቅጥያው ግን ያስቸግራል።

አስቀድመሽ አነባበቡን ያዢ። እንደ ቫይረስ ባሉ ከላቲን የመጡ ቃላት መጨረሻው «ሽ» ይሆናል፦ ቪሩሽ። ቅጥያው የሚከተለው ይህን ድምፅ ነው።

«ውስጥ» ለማለት ባን ወይም ቤን ይለጠፋል። አናባቢዎቹ ኤ እና ኢ ብቻ ከሆኑ ቤን ነው፦ ጌንቤን፣ ኤንዚምቤን። አ፣ ኦ፣ ኡ ከሆኑ ባን፦ አቶምባን። ሲደባለቁ ወደ መጨረሻው ተመልከቺ፤ ኤሌክትሮን በኤ ቢጀምርም ኤሌክትሮንባን ይባላል። ከኦ በኋላ አንድ ኢ ቢመጣ ለውጥ የለም፦ ክሎሪድባን። እንደ አስፒሪን ሁለት ኢ ሲከታተሉ ግን ሀንጋሪዎቹ ራሳቸው ሁለቱንም ስለሚሉ አትጨነቂ።

ተማሪን በብዛት የሚያሳስተው «በ» ወይም «ከ… ጋር» የሚለው ቫል/ቬል ነው። ቃሉ በተነባቢ ካለቀ ቭ ትጠፋና የፊተኛው ተነባቢ ይጠብቃል፦ አቶም «አቶማል» (ም ጠብቆ)፣ ጌን «ጌኔል» (ን ጠብቆ)። እኛ መጥበቅን በፊደል አናሳይም፤ እነሱ ግን ተነባቢውን ሁለት ጊዜ ይጽፉታል፣ አንዱ ከቀረ የፊደል ስህተት ነው። በአናባቢ ካለቀ ቭ ትቆያለች፦ ኤኔርጊያቫል። ምህጻረ ቃልም በአነባበቡ ይገዛል። ዲኤንኤን «ዴኤንኤሽ» ይሉታል፣ ምክንያቱም የመጨረሻው ፊደል የሚወክለው አሲድ በቋንቋቸው «ሻቭ» ነው። ስለዚህ ሰረዝ ተደርጎ «ሼል» ይጨመርበታል።

በአጭር አ የሚያልቅ ቃል ቅጥያ ሲመጣበት አ ይረዝማል፣ ጭረትም ይደረግበታል፦ ሞሌኩላ፣ ሞሌኩላት (ሞለኪውልን)። ቅጽል የሚያደርገው ኢ ግን አያስረዝመውም፤ «ኬሚያይ» (ኬሚካዊ) ላይ ጭረት ካደረግሽ ተሳስተሻል።

ከቁጥር በኋላ ብዙ ቁጥር የለም፤ ሁለት አቶም «ኬት አቶም» ነው፣ እኛም «ሁለት ሰው» እንደምንለው።

ግሱ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። «ኦክሲዳል» ሌላውን ነገር ኦክሲዳይዝ ያደርጋል ማለት ነው። ነገሩ ራሱ፣ ለምሳሌ ብረት፣ ኦክሲዳይዝ ሲሆን «ኦክሲዳሎዲክ» በይ።

በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጻሕፍት ኦክስጅንን «ኤሌኝ»፣ ናይትሮጅንን «ሌጌኝ» ተብለው ብታገኚ አትደንግጪ፤ የቋንቋ ተሐድሶ (ለባዕድ ቃላት የሀንጋሪኛ ምትክ የመፍጠር እንቅስቃሴ) የፈጠራቸው ናቸው፣ ዛሬ ኦክሲጌንና ኒትሮጌን ተክተዋቸዋል። የሜርኩሪ ስም «ሂጋኝ» ግን እስካሁን ይሠራበታል።