ሐይቅ ዳር ሲገነቡ ውሃውን በመስከረም ይለኩ
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከወንድሞቼ ጋር ባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም ሳይርቅ ባለ አራት ፎቅ ቅይጥ ሕንፃ ልንጀምር ነው። ምድሩ ሱቅና ምግብ ቤት፣ ከላይ ቢሮና መኖሪያ ይሆናል። የአፈር ምርመራው በግንቦት ተሠርቶ ውሃ 3 ሜትር ላይ ተገኘ ይላል። ተቋራጩ ሰኔ ላይ ቁፋሮ ልጀምር እያለ ነው። እንፍቀድለት?

መልስ፦ አትፍቀዱለት። ጣና የሚጎድለው ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ነው፤ የሚሞላው ደግሞ ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረምና በጥቅምት። በዳርቻው ያለው የከርሰ ምድር ውሃም አብሮት ይወጣል፣ ይወርዳል። ስለዚህ የግንቦቱ 3 ሜትር ለቁፋሮ ቀን ይጠቅማል እንጂ ዲዛይን አይሠራበትም። ከምርመራ ጉድጓዶቹ አንዱ ካልተደፈነ ጎኑ የተበሳሳ የፒ.ቪ.ሲ. ቱቦ አስገቡበት፣ አፉን ክደኑና እስከ ጥቅምት መጨረሻ በየሳምንቱ ለክታችሁ መዝግቡ። መዝገቡን ለመሐንዲሱ ስጡት። ቁፋሮውን ታኅሣሥ ላይ ብትጀምሩ መሠረቱ ወጥቶ፣ ዙሪያው ተሞልቶና ተጠቅጥቆ ከግንቦት በፊት ሊያልቅ ይችላል።

በክረምት የተከፈተ ጉድጓድ ጣጣው ብዙ ነው። ጥቁር አፈር ሲርስ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ዝናብ የመታው የጉድጓድ ወለል ጭቃ ስለሚሆን ያ ሁሉ ተጠርጎ መውጣት አለበት። በበጋም ቢሆን የመጨረሻውን 20 ሳንቲ ሜትር አትቁፈሩት፤ የንጣፉ ኮንክሪት (ከመሠረቱ ሥር የሚነጠፈው ስስ ኮንክሪት) በሚሞላበት ቀን ጠዋት ይነሣ። ውሃ በፓምፕ የምታወጡ ከሆነ ከቱቦው ጫፍ በብርጭቆ ቀድታችሁ አስቀምጡት። ታቹ ላይ ደለል ከዘቀጠ ፓምፑ ውሃ ብቻ ሳይሆን አፈርም እየጎተተ ነው፤ የሚጎትተው ደግሞ ከጎረቤት ግንብ ሥር ሊሆን ይችላል። ወዲያው አቁሙና የፓምፑን ጉድጓድ ዙሪያ በጠጠርና በአሸዋ አጣሩት።

አንድ ያልጠየቃችሁትን እንጨምር፤ ሐይቅ ዳር ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነውና። የፍሳሽ ማጠራቀሚያው ታንክ ሊንሳፈፍ ይችላል። ውጭ ለውጭ 4 በ3 ሜትር፣ ከፍታው 2.5 ሜትር የሆነ ታንክ 30 ሜትር ኩብ ቦታ ይይዛል። ውሃው እስከ አናቱ ከደረሰ በ30 ቶን ኃይል ወደ ላይ ይገፋዋል። ግድግዳው፣ ወለሉና ክዳኑ 20 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ቢኖራቸው ባዶው ታንክ የሚመዝነው ወደ 25 ቶን ብቻ ነው። በመስከረም ፍሳሹን ባስመጠጣችሁ ማግስት ቱቦዎቹን ሰብሮ ብድግ ይላል። መፍትሔው ርካሽ ነው፤ ወለሉን ከግድግዳው ውጭ በአራቱም አቅጣጫ 50 ሳንቲ ሜትር አስረዝሙት። በዚያ ላይ የሚሞላው አፈር ውሃ ውስጥ ሆኖም ወደ 16 ቶን ተጨማሪ ክብደት ይሆናል። ይህ የወለሉ ኮንክሪት ከመሞላቱ በፊት ካልተወሰነ በኋላ ማረም እጅግ ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ገንዘቤ የሚበቃው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ነው። ሱቆቹን አከራይቼ በኪራዩ ወደ ላይ ብቀጥል ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ የሙሉው ሕንፃ ዲዛይን ዛሬ ካለቀና መሠረቱና ኮለኖቹ (ምሰሶዎቹ) ለዚያ ከተሠሩ ሐሳብዎ ይሠራል። ያኔም ቢሆን ሱቁ ተከፍቶ ከራሱ በላይ ያለው ሶሌታ (የፎቁ የኮንክሪት ወለል) መሞላት የለበትም። 15 ሳንቲ ሜትር ሶሌታ እርጥቡ በካሬ ሜትር ወደ 375 ኪሎ ይመዝናል፤ የመኖሪያ ወለል ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚታሰበው ለ200 ኪሎ የአገልግሎት ጭነት (ለሰውና ለዕቃ) ነው። አንዱ ወለል ብቻውን ስለማይችለው እርጥቡን ሶሌታ ከሥር የሚሸከመው ድጋፍ ቢያንስ ሁለት ፎቅ ወርዶ መቆም አለበት። ድጋፉ ሱቅ ውስጥ ከወረደ ተከራይ አያስገቡ። ሶሌታው በፒ.ፒ.ሲ. (የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ዱቄት በተቀላቀለበት) ሲሚንቶ የተሞላ ከሆነ ጥንካሬውን ቀስ ብሎ ስለሚያገኝ ድጋፉን ለማንሣት አይቸኩሉ፤ ከኮንክሪቱ ተወስዶ የሚፈተነውን የኪውብ ውጤት ይጠብቁ።

የምግብ ቤቱ ጭስ መውጫ ከምድር እስከ ጣሪያ አንድ ወጥ ቀዳዳ ይፈልጋል። ለእሱም ለፍሳሽም ለመብራትም ቦታው ሶሌታው ከመሞላቱ በፊት በቱቦ ወይም በሣጥን ይተው። በኋላ ተከራዩ ቢም ሲያስበሳ ፌሮ ይቆረጣል፤ ያ ጉዳት በልስን ቢሸፈንም አይድንም። የወጥ ቤቱ ፍሳሽ ቅባት ማጥመጃ ሳያልፍ ከመኖሪያው መስመር ጋር አይገናኝ። የነዋሪው ደረጃ ከሱቁ የተለየ፣ ቆጣሪውም የየብቻ ይሁን። ለቀጣዩ ፎቅ የተተወው ፌሮ ዝናብ እየመታው ዓመታት መቆየት የለበትም፤ በደካማ ኮንክሪት ይሸፍኑት። አዲሱ ፌሮ ከተተወው ጋር የሚደራረብበት ርዝመት ብዙ ጊዜ የፌሮው ውፍረት 50 እጥፍ ነው፤ ለ16 ሚሊ ሜትር ፌሮ 80 ሳንቲ ሜትር ማለት ነው። ተቆርጦ ካጠረ ኮለኑ አይያያዝም።

ጥያቄ፦ ውሃና መብራት የሚቆጥብ ሕንፃ ሲባል ባሕር ዳር ላይ ከምን ልጀምር?

መልስ፦ ከጣሪያውና ከመስኮቱ። ከተማዋ በዓመት ወደ 1,400 ሚሊ ሜትር ዝናብ ታገኛለች። 300 ካሬ ሜትር ጣሪያ፣ ሃያ በመቶው ቢባክን እንኳ ወደ 336 ሜትር ኩብ ውሃ ይሰጣል። አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ስለሚወርድ በጋውን ሙሉ አያዘልቅም፤ ለሽንት ቤትና ለጽዳት ግን መስመሩ ገና ከንድፉ ተለይቶ ይዘርጋ። የመጀመሪያው ዝናብ አቧራ ስለሚያጥብ ወደ ታንኩ አያስገቡት።

የሕንፃው ረጅም ጎን ወደ ሰሜንና ደቡብ ይዙር። የታኅሣሥ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከደቡብ በኩል ወደ 55 ዲግሪ ከፍ ብላ ስለምታበራ፣ 1.5 ሜትር ቁመት ላለው መስኮት ከአናቱ የ1 ሜትር ጥላ ይበቃል። የምዕራቡን ፀሐይ ግን የትኛውም አግዳሚ ጥላ አይመልሳትም፤ እዚያ ደረጃውንና ዕቃ ቤቱን ያድርጉ።