አምስት ኮምፒውተር፣ አንድ ቀጠሮ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ሰንጋ ተራ አካባቢ በሚገኝ የጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ ነኝ። አራት ጠበቆች አሉን። ባለፈው ክረምት አንድ ባለሙያ መጥቶ በቢሮው ጥግ ትንሽ ሰርቨር (የሁላችንን መረጃ የሚይዝ ኮምፒውተር) አቆመልን፤ ኔክስትክላውድ የሚባል ፋይልና ካላንደር የሚያጋራ ፕሮግራም ጫነበት። በአምስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ተንደርበርድ የሚባል የኢሜይልና የካላንደር ፕሮግራም አስገብቶ «ከእንግዲህ ኢሜይላችሁም ቀጠሯችሁም በአንድ ቦታ ነው» ብሎን ሄደ። አሁን ግን እኔ ያስገባሁትን ቀጠሮ አንዱ ጠበቃ ሲያየው ሌላው አያየውም። አንደኛው ጋ ሰዓቱ በአንድ ሰዓት ዘግይቶ ይታያል። ጥር 14 ከጠዋቱ 3 ሰዓት ልደታ ፍርድ ቤት ምስክር ለመስማት የተቀጠረ ጉዳይ ነበረን፤ ጠበቃው የደረሱት መዝገቡ ተጠርቶ ካለፈ በኋላ ነው። ሁለት ቀጠሮዎች ደግሞ ጭራሽ ጠፍተዋል፤ ማን እንዳጠፋቸው አይታወቅም። ጣት የሚቀሰረው እኔ ላይ ነው። ወደ ወረቀቱ አጀንዳ ብንመለስ ይሻላል?
የጠበቆች ቢሮ ጸሐፊ፣ ከሰንጋ ተራ

መልስ፦ ልጄ፣ አትመለሱ። የወረቀቱን አጀንዳ ለ11 ዓመት ይዣለሁና ምን እንደሚችልና ምን እንደማይችል አውቀዋለሁ። እኔ በነበርኩበት ቢሮ ትልቁ ጥቁር አጀንዳ ከእኔ ጠረጴዛ አይነሣም ነበር፤ ኃላፊው ደግሞ ከእሱ እየገለበጡ በኪሳቸው ትንሽ አጀንዳ ይይዙ ነበር። አንድ ጊዜ የአንዲት ባለጉዳይን ቀጠሮ ከሐሙስ ወደ ማክሰኞ አዛወርኩ። ትልቁ አጀንዳ ተስተካከለ፣ የኪሱ እንደነበረ ቀረ። ማክሰኞ ዕለት ኃላፊው ከከተማ ወጥተዋል። እናትየዋ ከፍቼ በማለዳ አውቶቡስ መጥተው፣ ሰነዳቸውን በፌስታል ጠቅልለው፣ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት አግዳሚው ላይ ተቀመጡ። «ግድ የለም ልጄ» ብለውኝ ሲወጡ ፌስታሉን በሁለት እጃቸው ደረታቸው ላይ አቅፈውት ነበር። እስከ ዛሬ ከዓይኔ አልጠፋም።

የእናንተም ቢሮ ሕመም ይኸው ነው፤ አንድ ቀጠሮ፣ ብዙ ቅጂ። ደብዳቤሽ ከደረሰኝ በኋላ በስልክ ተነጋግረን፣ ከአምባሳደር በብሔራዊ ቲያትር በኩል በእግሬ መጥቼ ኮምፒውተሮቹን አብረን እንደፈተሽን ታስታውሻለሽ። ያየነውን እዚህ የምጽፈው ተመሳሳይ ችግር ያለባቸው ሌሎች አንባቢዎችም ስላሉ ነው።

መጀመሪያ የጠፉትን ሁለት ቀጠሮዎች ፈለግን። አንደኛው በኔክስትክላውድ ድረ ገጽ ላይ፣ በካላንደሩ የቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ ተገኘ። ኔክስትክላውድ የተሰረዘ ቀጠሮን ባለሙያው ሌላ ቁጥር ካልሰጠው በስተቀር 30 ቀን ያቆየዋል፤ ወደ ቦታው መመለስ ይቻላል፤ መለስነውም። ሁለተኛው ግን ከመጀመሪያውም ሰርቨሩ ላይ ደርሶ አያውቅም። ጠበቃዋ በገዛ ኮምፒውተራቸው ላይ ጽፈውታል፤ ለእሳቸው ብቻ ይታያል። ተንደርበርድ ሲጫን በዚያው ኮምፒውተር ላይ ብቻ የሚቀመጥ አንድ ካላንደር አብሮ ይመጣል። ከቢሮው ካላንደር በላይ ተዘርዝሮ፣ በሌላ ቀለም ተቀምጦ ነበር። አዲስ ቀጠሮ ሲከፈት የሚገባው በዝርዝሩ ላይ በተመረጠው ካላንደር ውስጥ ስለሆነ፣ ጠበቃዋ ሳያውቁት ከሰው የተደበቀ ማስታወሻ ሲጽፉ ከርመዋል። ይህን የግል ካላንደር በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ አጠፋነው። ከማጥፋታችን በፊት ግን በውስጡ የነበረውን አንድ በአንድ ወደ ቢሮው አዛወርን። ይህን የምታደርጉ ሁሉ ቅደም ተከተሉን አትሳቱ።

«አላየሁም» የሚሉት ጠበቃ ኮምፒውተር ላይ ያገኘነው ደግሞ ሌላ ነው። አንድ ሰው የቢሮውን ካላንደር በፋይል አውጥቶ፣ በፍላሽ ወስዶ እዚያ አስገብቶላቸዋል። የካላንደሩ ስም ያው ነው፣ ቀለሙም ያው ነው፤ ግን ፎቶግራፍ ነው። ፎቶግራፍ ከተነሣበት ቀን በኋላ የተወለደ ልጅ በውስጡ አይታይም። ትክክለኛው መንገድ በተንደርበርድ አዲስ ካላንደር ሲከፈት «በኮምፒውተሬ ላይ» ከሚለው ይልቅ «በኔትወርክ ላይ» የሚለውን መምረጥ፣ ከዚያ የራስን መለያ ስምና የሰርቨሩን አድራሻ መስጠት ነው። ፕሮግራሙ እዚያ ያሉትን ካላንደሮች ራሱ ፈልጎ ይዘረዝራል፤ የሚፈለገው ላይ ምልክት ማድረግ ብቻ ይበቃል።

እዚህ ላይ ፋይልና ካልዳቭ (በ«ኔትወርክ ላይ» ስንመርጥ ተንደርበርድና ሰርቨሩ ካላንደሩን የሚጋሩበት ደንብ) ያላቸውን ልዩነት ልንገርሽ፤ ነገሩ ያለው እዚህ ነውና። የካላንደር ፋይል የሚጻፍበት ደንብ ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አለ። ድሮ ብዙ ቢሮዎች አንድ እንደዚህ ያለ ፋይል ሰርቨር ላይ አስቀምጠው በጋራ ይጽፉበት ነበር። አንድ ሰው አንዲት ቀጠሮ ሲጨምር ፋይሉ በሙሉ እንደ አዲስ ይጫናል፤ ሁለት ሰዎች በተቀራራቢ ጊዜ ከጻፉ የኋለኛው የፊተኛውን ሊደመስስ ይችላል። በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው ካልዳቭ ይህን ለወጠው። እያንዳንዱ ቀጠሮ ሰርቨሩ ላይ ለብቻው ይቀመጣል፣ ለብቻውም ይታረማል። ሁለት ሰዎች አንዱን ቀጠሮ በአንድ ጊዜ ቢነኩት ሰርቨሩ «ይህ ከእርስዎ በፊት ተለውጧል» ይላል፤ ተንደርበርድም የራስሽን ለውጥ ትጭኚ ወይስ የሰርቨሩን ትቀበዪ እንደሆነ ይጠይቅሻል። ያ መስኮት ሲመጣ እባክሽ ቶሎ አትጫኚው። ተነሥተሽ ሌላኛውን ሰው ጠይቂ፤ አምስታችሁም ያላችሁት በአንድ ፎቅ ነው።

ቀጥሎ ሰዓቱ። አንድ ሰዓት የሚያዘገየው ላፕቶፕ ከዱባይ የመጣ ነው። የሰዓት ክልሉ የዱባይ እንደሆነ ቀርቷል፤ ሰዓቱ ብቻ በእጅ ወደ ኋላ ተመልሷል። ለዓይን ፍጹም ትክክል ነው፤ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር አስተያየነው፣ በደቂቃም አልተለየም። ካላንደሩ ግን የሚያምነው የሰዓት ክልሉን ነው። አንቺ በአዲስ አበባ አቆጣጠር 9፡00 ብለሽ የጻፍሽው ዱባይ በአንድ ሰዓት ስለምትቀድመን 10፡00 ሆኖ ታያቸው፤ እሳቸውም ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው ብለው ሄዱ። የጥር 14 ነገር ይኼ ነው። አንቺ አላጠፋሽም፣ እሳቸውም አላጠፉም። ክልሉን ወደ አዲስ አበባ መለስነው፤ በሰዓት ክልሎች ዝርዝር ላይ አዲስ አበባን ያጣ ሰው ናይሮቢን ቢመርጥ ሰዓቱ አንድ ነው፤ ሁለቱም ዓመቱን ሙሉ ከግሪንዊች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ።

ከዚህ የባሰውን ግን በአንቺው ካላንደር ላይ አየሁት፤ ስነግርሽ ደንግጠሻል፤ አትደንግጪ። ሦስት ቀጠሮዎች 3፡00 ተብለው ተጽፈዋል። ለኮምፒውተሩ 3፡00 ማለት ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ማስታወሻው የሚደውለው ቢሮው ተዘግቶ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ እያለ ነው፤ ጠዋት ሲከፈት «ያመለጠ» ሆኖ ብቅ ይላል፤ ያኔ ጠበቃው ልደታ መሆን ነበረባቸው። እኛ በስድስት ሰዓት ልዩነት የምንቆጥር ሰዎች ነን፤ ይህ የማንም ጉድለት አይደለም፤ ልማዳችን ነው። ስለዚህ አንድ ልማድ ጨምሩበት። በቀጠሮው ርዕስ ላይ ፍርድ ቤቱ የሰጠውን ቀንና ሰዓት እንዳለ፣ በእኛው አቆጣጠር ጻፉ። «ጥር 14፣ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ልደታ፣ ምስክር» የሚል ርዕስ 3፡00 ላይ ተቀምጦ ያየ ማንም ሰው ስሕተቱን ወዲያው ይይዘዋል። ቀኑ ከእኛ ወደ ፈረንጁ አቆጣጠር ሲለወጥ የሚፈጠረውን ስሕተትም እንዲሁ ያሳያል። እኔ ከየትኛውም ማስተካከያ ይልቅ የማምነው ይህን ነው።

ማን እንዳጠፋ ያልታወቀው ባለሙያው ለአምስታችሁም አንድ መለያ ስምና አንድ የይለፍ ቃል ስለሰጣችሁ ነው። ለሰርቨሩ አምስታችሁ አንድ ሰው ናችሁ። አሁን እያንዳንዳችሁ የራሳችሁ አካውንት አላችሁ፤ ካላንደሩ የቢሮው ሆኖ ለአምስታችሁ ተጋርቷል፤ አራቱ ማረም ይችላሉ፣ ከጠበቆቹ መካከል ተለማማጁ ማየት ብቻ። ኔክስትክላውድ የእንቅስቃሴ መዝገብ ስላለው ከእንግዲህ ማን ምን እንደለወጠ በስም ይታያል። ይህን የምለው ሰው ለመክሰስ አይደለም። አንቺ ያላደረግሽው በአንቺ ላይ እንዳይለጠፍ ነው።

የቀሩትን ባጭሩ። ተንደርበርድ አዲስ ነገር ከሰርቨሩ የሚጠይቀው በየ30 ደቂቃው ነው፤ በካላንደሩ ባሕርያት ውስጥ ገብታችሁ 5 ደቂቃ አድርጉት። እዚያው ያለውን «ያለ ኢንተርኔት መጠቀም» የሚለውን ምልክት አትንኩ፤ መብራት ጠፍቶ ሰርቨሩ ሲቆም ላፕቶፕ የያዘ ጠበቃ የመጨረሻውን ቅጂ ማየት የሚችለው በእሱ ነው። ካላንደሩን ከአንድሮይድ ስልክ ጋር የሚያመሳስል ዳቭኤክስ5 የሚባል ፕሮግራም አለ፤ አይፎን ካልዳቭን ራሱ ያውቃል። ሰርቨራችሁ ከቢሮው ውጭ ስለማይደረስበት ግን ጠበቆቹ ጠዋት ከመውጣታቸው በፊት ቢሮው ውስጥ ሆነው ስልካቸውን ያመሳስሉ። አንቺ ደግሞ ዘወትር ዓርብ ከሰዓት በኋላ ካላንደሩን በፋይል አውጥተሽ በፍላሽ ያዢ። ፎቶግራፍ ነው ብያለሁ፤ ቤት ሲቃጠል ግን ፎቶግራፍም ያስፈልጋል።

ጥያቄ፦ ካዛንቺስ አካባቢ ባለ የጥርስ ክሊኒክ እንግዳ ተቀባይ ነኝ። ታካሚዎች ክፍት ሰዓት ራሳቸው እንዲያዩ የካላንደራችንን ሊንክ በቴሌግራም ልልክላቸው አስቤአለሁ። ይቻላል?

መልስ፦ ይቻላል፤ እባክዎ ግን አያድርጉት። ሊንኩ የደረሰው ሰው ሁሉ፣ ከእሱም የተላከለት ሁሉ፣ ማን መቼ ለምን እንደመጣ ያነባል። የሰው ሕመም የክሊኒኩ ንብረት አይደለም። በኔክስትክላውድ እያንዳንዱን ቀጠሮ «ለሌላ ሰው የተያዘ መሆኑ ብቻ ይታይ» ማለት ይቻላል፤ አንዱን ቀጠሮ ቢረሱ ግን የአንድ ሰው ስም አደባባይ ወጣ ማለት ነው። ለታካሚዎች ክፍት ሰዓቶች ብቻ ያሉበት ሌላ ባዶ ካላንደር ይክፈቱና የእሱን ሊንክ ይላኩ።

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ የምንኖር ጎረቤታሞች የሚካኤል ማኅበር አለን፤ ጸሐፊው እኔ ነኝ። መስከረም ላይ «በየወሩ በ22» ብዬ የጋራ ካላንደራችን ላይ ሞላሁ። ጥቅምት ላይ ልክ ነበር። ኅዳር ላይ ግን ማስታወሻው የመጣው በበዓሉ ማግሥት ነው፤ ባለተራዋ አዝናብናለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ሴፕቴምበር 22 መስከረም 12 ነው፤ ኦክቶበር 22 ጥቅምት 12 ነው፤ ኅዳር ሚካኤል ግን ኖቬምበር 21 ላይ ይውላል። የፈረንጁ ወር አንዴ 30፣ አንዴ 31፣ ሲሻውም 28 ቀን ነው፤ የእኛ ከጳጉሜን በቀር ሁልጊዜ 30። እንደ ኢትዮጵያ ባሉ ሌሎች አቆጣጠሮች ቀጠሮ የሚደጋገምበት ደንብ በ2015 እ.ኤ.አ. ወጥቷል፤ ጳጉሜንም በምሳሌነት ይጠቅሳል፤ ሳነበው ደስ ብሎኛል። በተንደርበርድ የድግግሞሽ መስኮት ላይ ያለው «ወር» ግን የፈረንጁ ወር ነው።

እንዲህ ያድርጉ። ወርን ይተዉትና «በየ30 ቀኑ» ብለው፣ ከመስከረም 12 ጀምረው፣ 12 ጊዜ እንዲደጋገም ይሙሉት። በ2018 ዓ.ም. የመጨረሻው ነሐሴ 12፣ ማለትም ኦገስት 18 ላይ ያርፋል። ከዚያ ጳጉሜን ስለምትገባ ቀጣዩ ከ35 ቀን በኋላ ነው፤ ሰንሰለቱን እዚያ ያቁሙና መስከረም 12 ቀን 2019፣ ሴፕቴምበር 22፣ ላይ አዲስ ይጀምሩ። የ2019 ጳጉሜን 6 ቀን ስላላት የ2020ው መነሻ ሴፕቴምበር 23 ይሆናል። ማስታወሻውን ደግሞ ሁለት ያድርጉት፤ አንዱ ለሁላችሁም በዋዜማው፣ ሌላው ከሁለት ሳምንት በፊት፣ ባለተራዋ ጠላዋን እንድትጠነስስ።