ልዑሉ አያድናት

ጥያቄ፦ የምኖረው ሐዋሳ ነው። ከሐይቁ ሥር ስላለ መንግሥት ምናባዊ የፍቅር ልብ ወለድ እየጻፍኩ ነው። ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ድባቴ ያለባት ወጣት ናት። ውኃው ውስጥ ሰጥማ ልዑሉ ዘንድ ትደርሳለች፤ በመጨረሻም በፍቅሩ ትድናለች። ያነበቡልኝ ጓደኞቼ መካከሉ ይሰለቻል፣ መጨረሻውም አያሳምንም አሉኝ። ምኑን ላስተካክል?

መልስ፦ ከመጨረሻው እንጀምር፤ መካከሉን ያበላሸው እሱ ነውና። ልዑሉ የሚያድናት ከሆነ እርሷ እሱን ከመጠበቅ በቀር ሥራ የላትም። ስለዚህ በየምዕራፉ ታለቅሳለች፤ አንባቢም ይሰለቻል። ፍቅሩም ሆነ አስማቱ ድባቴውን አይንቀለው። ልዑሉ ሾርባ ይዞላት ይምጣ፤ ሳታናግረው አጠገቧ ይቀመጥ፤ ሐኪም ቤት ወረፋ ይጠብቅላት። ይድከመውም፤ «እኔ እያለሁልሽ ምን ጎደለሽ?» ብሎ ይቆጣ። መልስ የማታገኝለት ይህ ጥያቄ ልብ ወለዱን ወደፊት ይገፋዋል።

ከሁሉ በላይ ያሳሰበን መስጠሟ ነው። የሰጠመች ልጅ ፍቅር ካገኘች ሞት ሽልማት ሆኖ ይነበባል፤ በሕመሙ ውስጥ ያለ አንባቢ ደግሞ ይህን ከማንም ቀድሞ ያያል። ወደ መንግሥቱ የሚያስገባውን በር ይቀይሩት፤ ከታቦር ተራራ ሥር ይክፈቱት ወይም ልዑሉ ራሱ ወደ ዳርቻው ይውጣ። የሞት ሐሳብ ቢመጣባት ሐሳቡን መጻፍ ይችላሉ፤ ዘዴውን ግን አይዘርዝሩ። አንድ ሰው ሳያድበሰብስ «መሞት ታስቢያለሽ?» ብሎ በቀጥታ ይጠይቃት። መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም።

«ልቧ ጨለመ» የመሳሰሉትን ሐረጎች ይሰርዙና በምትካቸው አካሏን ያሳዩ። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ቢያንስ ለ2 ሳምንት፣ በየቀኑ ለማለት በሚያስደፍር ሁኔታ፣ አብዛኛውን የቀኑን ክፍል የሚዘልቀውን ነው። ሌሊት ነቅታ እንቅልፍ እምቢ ይላታል፤ ያነበበችው ገጽ አይያዝላትም፤ ባላጠፋችው ራሷን ትወቅሳለች፤ ገላ መታጠብ እንኳ ተራራ ይሆንባታል። ለእናቷ የምትነግራት ግን «ራሴን ያመኛል» ብላ ሊሆን ይችላል። ጸበል ቢወስዷት ሳይሳለቁ ይጻፉት፤ ጸበሉና መድኃኒቱ አብረው የሚሄዱበት ቤት ብዙ ነው። ፍሉኦክሲቲን የተባለውን የድባቴ መድኃኒት ከጀመረች ለውጡ ሳምንታት ይወስዳል፤ በመጀመሪያዎቹ ቀናት እንዲያውም ሊያቅለሸልሻት ይችላል። ሰኞ ጀምራ ሐሙስ አትሳቅ።

ድባቡን በጭጋግና በዝናብ ብቻ አይገንቡት። ጠዋት ሐይቁ ዳር ወዳለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ያውርዷት፤ ፀሐይ ወጥቷል፣ ዓሣው እየተገፈፈ ነው፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ተሰብስበዋል፣ ሰው ይበላል ይስቃል፤ እርሷ ምንም አይሰማትም። ይህ ከአሥር ዝናባማ ሌሊት ይከብዳል።

ለአስማቱ ሕግ ሩቅ አይሂዱ። ጥቁር ውኃ ወንዝ ወደ ሐዋሳ ሐይቅ ይገባል፤ ከሐይቁ ግን የሚወጣ ወንዝ የለም። የገባውን ሁሉ የሚያስቀር መንግሥት እንበል፤ ልዑሉ በየብስ ላይ የሰጣት ቃልም ወደ ሐይቁ ሲመለስ እዚያው ውስጥ ይቀራል፣ እሱም ይረሳዋል። ሕጉን እስከ 3ኛው ምዕራፍ ያሳውቁ፤ ከዚያ በኋላ ለማንም አያላሉት። መካከሉን ደግሞ በየትዕይንቱ አንድ ትንሽ ጉዳይ በመስጠት ያንቀሳቅሱት፦ ዳቦ መግዛት፣ ስልክ ማንሳት፣ ቀጠሮ መድረስ። አንዳንዱ ይሳካላት፣ አንዳንዱ አይሳካላት። በመጨረሻው ምዕራፍ መድኃኒቷን እየወሰደች፣ ቃሉን የረሳውን ልዑል ትቀበለው እንደሆነ ራሷ ትወስን።