ማጅራት ሲጠቁር፣ ቁስል አልድን ሲል፦ ጥያቄና መልስ

ጎንደር ውስጥ ጤና ጣቢያ የምሠራ ነርስ ነኝ። ስለ ቆዳና ስለ ስኳር ከጠየቃችሁኝ የቻልኩትን ልመልስ።

ጥያቄ (ከማራኪ)፦ የ14 ዓመት ልጄ ማጅራቱ ጠቁሯል። በሳሙናም በሎሚም አሸሁት፣ አልለቅ አለ።

መልስ፦ እህቴ፣ ቆሻሻ አይደለም። እባክሽ ማሸቱን ተይው፣ ልጁንም አትቆጪው። ጠቆርና ወፈር ብሎ ሲነኩት እንደ ከፋይ ከሆነ ብዙ ጊዜ ነገሩ ከኢንሱሊን ጋር፣ ማለትም የደም ስኳርን ከሚቆጣጠረው ሆርሞን ጋር፣ የተያያዘ ነው። ሰውነት ለኢንሱሊን አልታዘዝ ሲል ቆሽት አብዝታ ታመነጫለች፣ ያ የተትረፈረፈው ኢንሱሊን ደግሞ የቆዳውን ሴሎች ያባዛቸዋል። ብብትና ብሽሽት ላይም ይወጣል። ስኳሩ ገና ሳይጨምር ሊታይ ስለሚችል እኔ እንደ ዕድል ነው የማየው፤ በጊዜ ነገረሽ ማለት ነው። ክብደት ከጨመረ ደግሞ አትዘግዪ፣ ወስደሽ ስኳሩን አስለኪለት። ክብደቱ ሲቀንስ ቆዳውም ቀስ እያለ ይመለሳል።

ጥያቄ፦ አንገቴ ላይ ኪንታሮት የሚመስሉ ትናንሽ ሥጋዎች በዝተዋል።

መልስ፦ በራሳቸው አይጎዱም። ከጠቆረ ማጅራት ጋር ከመጡ ግን ስኳርህን ተለካ። በክር አስረህ አትቁረጣቸው።

ጥያቄ፦ የዓይኔ ቆብ ላይ፣ ወደ አፍንጫዬ በኩል፣ ቢጫ ነገር ወጣ።

መልስ፦ ከቆዳ ሥር የተጠራቀመ ስብ ሊሆን ይችላል። ይህ ከሚወጣባቸው ሰዎች ግማሽ ያህሉ ኮሌስትሮላቸው ደህና ነው፣ አትደንግጪ። ግን ሳይመረመሩ ማወቅ ስለማይቻል የደም ስብ ምርመራ አድርጊ።

ጥያቄ፦ ለስኳር ምርመራ "ባዶ ሆድ" ማለት ስንት ሰዓት ሳይበሉ መቆየት ነው?

መልስ፦ ቢያንስ ለ8 ሰዓት ያህል ምንም አለመብላት ነው፣ ውኃ ግን ይፈቀዳል። እንዲህ ሲለካ የደም ስኳር (በ mg/dL) ከ100 በታች ከሆነ ደህና ነው፣ ከ100 እስከ 125 ማስጠንቀቂያ ነው፣ 126 እና ከዚያ በላይ በሌላ ቀን ተደግሞ ከተገኘ ስኳር ነው። ሁዳዴ የምትጾሙ ጠዋት ብቅ በሉ፣ ይመቻችኋል። የስኳር መድኃኒት የምትወስዱ ግን ጾሙን ከመጀመራችሁ በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ጥያቄ (ከአዘዞ)፦ አባቴ ስኳር አለበት። የእግሩ ጣት ቆስሎ ሦስት ሳምንት ሆነው። አያመኝም ይላል፣ ጸበል እየሄደ ነው።

መልስ፦ ወንድሜ፣ አለማመሙ ነው የሚያስፈራኝ። ስኳር የእግርን ነርቭ ሲጎዳ ሰው ጫማ ቢፋቀው፣ እሳት ቢነካው አይሰማውም፤ ደሙም በደንብ ስለማይደርስ ቁስሉ አይሽርም። ጸበሉን ተው አልልም፣ ግን ሕክምናውም አብሮ ይሁን። መግል፣ ሽታ ወይም ጥቁረት ካለ እግሩን እስከማጣት ሊያደርስ ይችላል። ነገን አትጠብቅ፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይዘኸው ሂድ። በባዶ እግሩም አታስኪደው።