የጦር አውሮፕላን ሌንስ ስንት ያወጣል?

ጥያቄው የመጣው ከአዘዞ ነው። አሳጥሬ ላቅርበው። «ጋሼ፣ አያቴ ከተዉት ሳጥን ውስጥ አንድ ከባድ ሌንስ አገኘሁ። ፊቱ ላይ ዳልሜየር፣ ፔንታክ፣ 8 ኢንች፣ ኤፍ 2.9 ይላል። ጎኑ ላይ ዘውድ አለ፤ ከዘውዱ ሥር ኤ እና ኤም የሚሉ የፈረንጅ ፊደላት፣ ቀጥሎም በ14ኤ የሚጀምር ቁጥር ተቀርጿል። አራዳ ገበያ ያገኘሁት ደላላ ‹ውስጡ ሜርኩሪ አለበት፣ ገዢ አመጣልሃለሁ፣ መጀመሪያ ቀብድ ስጠኝ› አለኝ። እኔ ግን ራሴ በሠራሁት የ4 በ5 ኢንች የእንጨት ካሜራ ላይ ልገጥመው አስቤያለሁ። ምንድን ነው? ስንትስ ያወጣል?»

ወንድሜ፣ ከደላላው እንጀምር። ሜርኩሪ የሚባል ነገር የለበትም። ብርጭቆ፣ ብረትና ጥቁር ቀለም ነው፤ በቃ። ደግሞስ ከሻጭ ቀብድ የሚቀበል ደላላ የት አገር አለ? ስልኩን ዝጋው።

ከእንዲህ ያለው ወሬ ጋር የሚመሳሰል አንድ እውነት ግን አለ። ኮዳክ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ለአሜሪካ የስለላ አውሮፕላኖች የሠራው ኤሮ ኤክታር የተባለ ሌንስ አለ። 7 ኢንች፣ ኤፍ 2.5 ነው፤ የኤፍ ቁጥር ባነሰ መጠን ሌንሱ ብዙ ብርሃን ያስገባል። ብርጭቆው ውስጥ ቶሪየም ስላለበት ትንሽ ጨረር ይሰጣል፤ በዕድሜ ብዛትም እንደ ሻይ ይቀላል። ቅላቱ በአልትራቫዮሌት ብርሃን ይለቃል። ፎቶ ቢያነሱበት ችግር የለውም፤ ብርጭቆውን መሞረድና መፋቅ ግን አይገባም። ያንተ ፔንታክ ከዚህ ወገን አይደለም።

ያንተው የእንግሊዝ አየር ኃይል ንብረት ነበር። ዘውዱና ሁለቱ ፊደላት የአየር ሚኒስቴሩ ምልክት ናቸው። ብዙ ሰው የሚሳሳተው በ14ኤ የሚጀምረው ቁጥር ላይ ነው። ዓመት ወይም የሌንሱ የራሱ መለያ ይመስለዋል። አይደለም፤ የግምጃ ቤት ቁጥር ነው። 14ኤ የፎቶ ዕቃዎች ክፍል ነው፤ ቁጥሩም በአንድ ዓይነት ዕቃ ሁሉ ላይ ያው ነው። የሌንሱ መለያ ለብቻው የተቀረጸው ሌላው ቁጥር ነው። 8 ኢንቹ ፔንታክ የተሠራው ኤፍ 24 ለተባለው የአየር ካሜራ ሲሆን፣ ካሜራው 5 በ5 ኢንች ምስል ያነሳል። እንግሊዞች በ1941 እ.ኤ.አ. ከአርበኞቻችን ጋር ሆነው ጎንደርን ከጣሊያን ሲያስለቅቁ የመጣ ነው ወይ ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። ማህተሙ የማን ንብረት እንደነበረ እንጂ በየትኛው አውሮፕላን እንደበረረ አይናገርም። አያትህ የተዉት ደብዳቤ ወይም ፎቶ ካለ አብረህ አስቀምጠው። ያለ ማስረጃ የሚወራ ታሪክ ግን በዋጋው ላይ አምስት ሳንቲም አይጨምርም።

አሁን ስሙን እርሳውና ለካ። ስም የተቀየረበት፣ ፊቱ ከሌላ ሌንስ የተወሰደ ዕቃ በየጊዜው ያጋጥመኛል። ክፍሉን አጨልም፤ አንድ መስኮት ብቻ ክፍት ይሁን። ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፍ። ሌንሱን ወደ ወረቀቱ አስጠጋው። ውጭ ያለው ዛፍና ቆርቆሮ ተገልብጦ ጥርት ብሎ ሲታይ፣ ከሌንሱ መሃል እስከ ወረቀቱ 20 ሴ.ሜ. ገደማ መሆን አለበት። 8 ኢንች ማለት ያ ነው። ቀጥሎ ዲያፍራሙን፣ ማለትም የብርሃን መግቢያውን የሚያጠብና የሚያሰፋውን ክፍል፣ ሙሉ ከፍተህ ራቅ ብለህ ከፊት ለፊት እየው። የሚታየው ክብ 7 ሴ.ሜ. ስፋት ካለው፣ 20ን ለ7 ስታካፍል 2.9 ላይ ትደርሳለህ። ሁለቱ ከገጠሙ ጽሑፉ አልዋሸም።

ወረቀቱ ላይ ያረፈውን የብርሃን ክብም ለካው። የ4 በ5 ኢንች ፊልም ከጥግ ጥግ 16 ሴ.ሜ. ገደማ ነው። ፔንታኩ የተሠራለት 5 በ5 ምስል ደግሞ 18 ሴ.ሜ. ይሆናል። ስለዚህ ካሜራህን በደንብ ይሸፍናል፤ ሌንሱን ወደ ላይ ወደ ታች ለማንሸራተት ግን ብዙ ቦታ አይተርፍህም። የፋሲልን ግንብ ከቅርብ ቆመህ ከነጫፉ ላንሳ ካልክ አትችልም።

ከዚያ የስልክህን መብራት ከፊት አብራበትና ነጸብራቆቹን ቁጠር። ፔንታክ አምስት ብርጭቆ በሦስት ክፍል ነው፤ ፊትና ኋላ ያሉት ጥንድ ጥንድ ሆነው የተጣበቁ ናቸው። ስድስት ደማቅና ሁለት ፈዛዛ ነጸብራቅ ካየህ ውስጡ አልተነካም። ፈዛዛዎቹ ማጣበቂያው ካለበት ቦታ የሚመጡ ናቸው። ከጠርዝ የሚነሳ የቀስተ ደመና ቀለም ካየህ ማጣበቂያው ለቋል ማለት ነው፤ ዋጋውን ከምንም በላይ የሚጥለውም ይሄ ነው። እንደ ሸረሪት ድር ያለ ነገር ሻጋታ ነው፤ ክረምቱን በሳጥን ተዘግቶ የከረመ ሌንስ ላይ ብዙ ጊዜ አይጠፋም። ጥቂት ጭረት ከፊት ቢኖር አያስጨንቅህ፤ ከኋላ ያለው ግን ምስሉ ላይ ይታያል። ነጸብራቁ ነጭ ከሆነ ሌንሱ ነጸብራቅ የሚቀንስ ሽፋን አልተቀባም። እንዲህ ያለው የቀትር ሰማይ ፊት ለፊት ሲመታው ምስሉን ያነጣዋል፤ ጥላ ውስጥ ግን ደስ ይላል። እባክህ በነጠላ ጫፍ አትጥረገው፣ በአረቄም አታጽዳው። አቧራውን በአየር አራግፍ፣ ሌላውን ተወው። ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይም አታስቀምጠው፤ ቤት ያቃጥላል።

ዋናው ራስ ምታት ሸተር ነው፤ ብርሃን ለተወሰነ ጊዜ ብቻ እንዲገባ የሚከፍትና የሚዘጋው መሣሪያ ማለት ነው። 7 ሴ.ሜ. የሚከፈት ሌንስ በተለመደ ሸተር ውስጥ አይገባም፤ ትልቁ፣ ኮፓል 3 የሚባለው ሸተር እንኳ የሚከፈተው 4.5 ሴ.ሜ. ብቻ ነው። ፈረንጆቹ ፊልሙ አጠገብ መጋረጃ ሸተር ባለው፣ ስፒድ ግራፊክ በተባለ ካሜራ ላይ ይገጥሙታል። አንተ ከፊልም ይልቅ በፎቶ ወረቀት ጀምር። የወረቀት ፍጥነት፣ ማለትም ብርሃን የመቀበል አቅሙ፣ በአይ ኤስ ኦ መለኪያ 6 አካባቢ ነው። ጥላ ውስጥ፣ ኤፍ 16 ላይ፣ ከአንድ ሰከንድ ትንሽ በላይ ይበቃል፤ በክዳን ከፍተህ መዝጋት ትችላለህ። ድሮ ጉርድ ፎቶ በሳጥን ካሜራ የሚያነሱት መንገድ ዳር እንዲህ ነበር የሚሠሩት። በኤፍ 2.9 ግን ሁለት ሜትር ላይ ያለ ሰው ስታነሳ ጥርት የሚለው አምስት ሴ.ሜ. ብቻ ነው፤ ዓይኑ ሲጠራ ጆሮው ይደበዝዛል። ይህን ሌንስ ፈላጊዎቹ የሚገዙት ለዚሁ ነው።

እና ዋጋው? ኢቤይ ላይ የተለጠፈውን አትመልከት፤ ሰው የፈለገውን ይለጥፋል። የተሸጡትን ብቻ አጣርተህ ያንተን ከመሰለው ጋር አስተያይ። ከኤሮ ኤክታር ዋጋ ጋር አታወዳድረው፤ የእሱ ስም ገኗል። ዲያፍራሙ ሳይደናቀፍ የሚዞር፣ ማጣበቂያው ያልለቀቀ፣ ካሜራ ፊት ላይ በሚገባ ቦርድ ላይ ተገጥሞ በራሱ የተነሳ ፎቶ የቀረበለት ሌንስ ሁልጊዜ ይቀድማል። ከባድ ስለሆነ የመላኪያው ዋጋ ከትርፍህ ላይ ይነክሳል። እኔ ብሆን አልሸጠውም፤ ለምስል የሚሆን ካሜራ አስቀድመህ ሠርተሃልና።

ለመግጠም ወፍራም ኮምፔርሳቶ ይበቃል። መሃሉን አስቆርጥና ሌንሱን የሚይዝ ቀለበት ቶርኖ ቤት አሠራ። የተጣበቀ ቀለበት ካለ በፒንሳ አትታገለው፤ ጥርሱ ከተበላ መልሶ አይያዝም። ቶርኖ ቤት ስትሄድ ሌንሱን ፊትና ኋላውን ሸፍነህ በላስቲክ ጠቅልለው፣ ልኬቱ እንደተወሰደም ይዘኸው ውጣ። የብረት ፍቅፋቂ ከሚበርበት ቦታ አታሳድረው።